የገጠር ልብ ከከተማ ልብ ይሻላል? በአንድ ጥያቄ ስር የተሰጡ 24 መልሶች

የመክፈቻው ጽሑፍ አጭር ነበር። ጸሐፊው ፒያሳ አካባቢ የሚኖር ሰው ነው፤ ነገሩን በጥያቄ መልክ ቢያቀርበውም መልሱን አስቀድሞ ወስኖ ነበር። የገጠር ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ጤፍና ሽሮ ይበላል፣ ይጾማል፣ ንጹሕ አየር ይተነፍሳል፤ ስለዚህ የልብ ሕመም የከተሜ ሕመም ነው ይላል። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይስማማበታል። ቀጥሎ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ደም ብዛት የተገኘበት ሰው ወደ ትውልድ ቀዬው ሄዶ ቢከርም ኪኒን አያስፈልገውም የሚል ጨመረበት። ክሩ፣ ማለትም በጥያቄው ስር የተከታተለው የመልስ ሰንሰለት፣ የረዘመው በዚህ በሁለተኛው ሐሳብ ነው። መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው ሰብስቤ እዚህ ያሰፈርኳቸውም ይህ አባባል በየቤቱ ስለሚነገርና ሰውን ለስትሮክ ስለሚዳርግ ነው።

1ኛው መልስ ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ውኃ መቅዳት፣ እርሻ፣ ገበያ በእግር መሄድ፣ ከዚህም ጋር ሰውነት አለመወፈር ልብን እንደሚያጠነክሩ ዘረዘረ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ የጎደለው ሌላው ግማሽ ነው።

ያንን ግማሽ 2ኛው መልስ አመጣው። የጻፈችው ጤና ጣቢያ ውስጥ በደም ብዛትና በስኳር ክትትል ክፍል የምትሠራ ሲስተር ናት። ጠያቂውን ወንድሜ ብላ በትሕትና ከጀመረች በኋላ፣ ሁለት ጥያቄዎች እንደተቀላቀሉበት አሳየች። ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ነገር የሚበዛው በማን ላይ ነው የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ከታመመ በኋላ የሚሞተው ማን ነው የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ለማስረጃ ያቀረበችው ፑር የተባለውን፣ በ17 አገሮች ከ150 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለውንና ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመውን ጥናት ነው። አጋላጭ ነገሮች ከተማ ውስጥ በዝተው ተገኙ። ከባድ የልብና የደም ሥር ሕመም ግን ከ1000 ሰው በዓመት ከተማ ውስጥ 4.83፣ ገጠር ውስጥ 6.25 ሆነ። ከታመሙት መካከል የሞቱት ደግሞ ከተማ ውስጥ 13.52 በመቶ፣ ገጠር ውስጥ 17.25 በመቶ ነበሩ። የከተማው ሰው ደም ብዛቱ ይለካል፣ ኪኒን ይጀምራል፣ ደረቱን ሲያመው ሆስፒታል ይደርሳል፤ የገጠሩ ሰው ሕመሙ ሳይታወቅለት ይቆያል ስትል ልዩነቱን አስረዳች።

3ኛው መልስ ቆጣ ያለ ነበር። የውጭ ጥናት እኛ ላይ አይጫንብን ነው ነገሩ። 4ኛው፣ የሕዝብ ጤና ባለሙያ ይመስለኛል፣ ቁጣውን ሳይመልስ ነጥቡን ብቻ ተቀበለ፤ ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች በዚያ ሪፖርት የነበሩት ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ እንጂ ኢትዮጵያ አይደለችም አለ። ከዚያ የራሳችንን አቀረበ፦ በ2015 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ልኬታ ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳላቸው፣ አብዛኞቹም ሕክምና ላይ እንዳልነበሩ አሳይቷል። አማካዩ ሰው በቀን የሚወስደው ጨው 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው።

ጨው ሲነሣ ክሩ ሞቀ። 5ኛው መልስ በብዙ የገጠር አካባቢ ቡና በጨው እንደሚጠጣ አስታወሰ። 6ኛው ያቺ ቁንጥር ምን ታመጣለች ብሎ አጣጣለው። 7ኛው ሒሳቡን ሠራለት፤ በክሩ ውስጥ ከወደድኳቸው መልሶች አንዱ ይህ ነው። በሲኒ ግማሽ ግራም ቢገባ፣ አቦል፣ ቶናና በረካ ጠዋትና ማታ ሲጠጡ 6 ሲኒ ነው፤ 3 ግራም ይሆናል። ወጥ ገና ሳይቀርብ የቀኑ ልክ ከግማሽ በላይ አለቀ ማለት ነው። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ከ5 እስከ 6 ግራም ይመዝናልና አንድ ሰው የቀን ድርሻውን በዓይኑ ማየት ከፈለገ ያችን ማንኪያ ይመልከት አለ። 8ኛዋ የከተማውን ጓዳ ጨመረችበት። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባል፣ ሚጥሚጣው ጨው አለው፣ ሽሮው ተመጥኖ ሲፈጭ ጨው ይገባል፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደ አዲስ ይጨመራል። በላዩ ላይ የሚፈረፈረው የሾርባ ኩብ ከግማሹ በላይ ጨው ነው። ምክሯም ግልጽ ነበር፦ በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ይዘጋጅ፣ ጨው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይግባ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን የሚያቋርጥ ግን በሦስተኛው ቀን ይመለስበታል።

9ኛው መልስ የኬንያን ነገር ጠቀሰ። ከገጠር ወደ ናይሮቢ የገቡ የሉኦ ተወላጆች ተከታታይ ልኬታ ተደርጎላቸው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ ግፊታቸው ቀዬአቸው ከቀሩት በላይ ሆነ፤ በሽንታቸው የሚወጣው ሶዲየም (በጨው ውስጥ ያለው) ጨመረ፣ ፖታሲየም (ግፊትን ለመቀነስ የሚረዳው ማዕድን) ቀነሰ። እንግዲህ ከተማው ግፊትን መጨመሩ እውነት ነው። ጸሐፊው ግን ከዚህ ወደ ጠያቂው ሁለተኛ ሐሳብ መዝለል እንደማይቻል አስጠነቀቀ፤ ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ግፊት የደም ሥሩን ግድግዳ አወፍሮታል፣ የልቡንም ጡንቻ አደንድኖታል፤ ሰውዬው ቀዬው ስለገባ ብቻ ያ አይቀለበስም። ፖታሲየም ለማግኘት ጎመን፣ ባቄላ፣ ድንችና ሙዝ አመለከተ። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ኢናላፕሪል የተባለውን የደም ብዛት ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን በፖታሲየም የተሠራ የጨው ምትክ ሐኪም ሳይጠይቅ እንዳይገዛ አሳሰበ፤ በደም ውስጥ የተከማቸ ፖታሲየም የልብ ምትን ሊያቆም ይችላል።

10ኛው ስለ ዘይት ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፣ በአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው፤ የኑግ ዘይት አይረጋም፣ ለልብም ይሻላል አለ። 11ኛው ተቆጣ፤ የኑግ ዘይት ዋጋ ስንት እንደሆነ እያወቅህ ለማን ነው የምትመክረው የሚል ነበር ይዘቱ። ለጥቂት መስመር ነገሩ ወደ ዋጋ ንረት ሄደ፤ እዚያ አልከተላቸውም። ሆኖም 11ኛው ሳይናደድ የጻፈው አንድ ነገር ጠቃሚ ነበር፦ አምስት ሰው ያለበት ቤት 5 ሊትር ዘይት በወር ቢጨርስ ለአንድ ሰው በቀን 30 ግራም ያህል፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይደርሰዋል። ያው ጀሪካን 50 ቀን እንዲቆይ ማድረግ ገንዘብም ያተርፋል፣ ልብም ያድናል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውኃ አቁላልቶ ዘይቱን በኋላ ማግባት ለዚህ ይበቃል።

ከዚያ 12ኛው መጣ፤ ክሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዋ የሕፃናት ሐኪም ናት። እስካሁን የተወራው ሁሉ ስለ ግፊትና ስለ ደም ሥር መጥበብ ነው፤ የድሃውን ልጅ ልብ የሚበላውን በሽታ ማንም አላነሣም ብላ ጀመረች። እሱም የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው ጉሮሮ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ጉሮሮው ይቆስላል። ካልታከመ፣ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያዘጋጀው ኃይል በአንዳንዱ ልጅ ላይ ወደ ራሱ ይዞራል (ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ይህ ነው)፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣሉ፣ ሕመሙም ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። መገጣጠሚያው ይድናል፣ ቤተሰብም ቁርጥማት ነበር ብሎ ይረሳዋል። የልቡ ቫልቭ (የደም መተላለፊያ በሩ) ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል፤ ጉሮሮው በታመመ ቁጥር ጠባሳው ይወፍራል። ከዓመታት በኋላ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጋደም ብሎ መተኛት ያቅተዋል፣ እግሩ ያብጣል። ብዙዎቹ ጥቁር አንበሳ ግቢ ወዳለው የልብ ማዕከል የሚላኩት በዚህ ጊዜ ነው፤ ያኔ ቫልቩን በፊኛ ማስፋት ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፣ ወረፋውም ረጅም ነው።

ይህ ሕመም መጨናነቅን፣ ድህነትንና ከሕክምና መራቅን ይከተላል፤ ስለዚህ ከተማውንም አይምርም። በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሰው የሚተኛበት የመሀል አዲስ አበባ ግቢ ለዚህ ባክቴሪያ ምቹ ነው። የከተማው ልጅ የሚተርፈው ጤና ጣቢያው በእግር ስለሚደረስ ብቻ ነው። ሐኪሟ እናቶች ሊያዩት የሚገባውን ጻፈችላቸው፦ ድንገት የጀመረ የጉሮሮ ሕመም፣ ትኩሳት፣ አንገት ላይ ሲነካ የሚያም እብጠት፣ ቶንሲል ላይ ነጭ መግል፤ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ግን የሉም። ሳልና ንፍጥ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይሻም። ባክቴሪያው ከሆነ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ መድኃኒት ሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል። መጠኑ ከ30 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ 600 ሺህ ዩኒት፣ ከዚያ በላይ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አንድ መርፌ ነው፤ ወይም አሞክሲሲሊን ለ10 ቀን። ልጁ በሦስተኛው ቀን ስለሚሻለው ሽሮፑ ይቆማል፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው አለች።

13ኛው መልስ ወደ እንጥል ማስቆረጥ ወሰደው። ጸሐፊው የገጠሯን እናት አልወቀሰም፤ የልጇ ጉሮሮ እንደታመመ አውቃ ወደ ባለሙያ ሄዳለችና። የሄደችበት ባለሙያ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋም። እንጥል ሲቆረጥ ልጁ ይደማል፣ ምላጩ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዘዋወር ሌላ በሽታ ያስተላልፋል፣ ስትሬፕቶኮከሱ ደግሞ ቶንሲሉ ላይ እንዳለ ይቀራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ስላሉ እንጥል ቆራጩን ከመሳደብ ይልቅ ጉሮሮ የታመመ ልጅ ሲመጣለት ወደ ጤና ኬላ እንዲልክ ማግባባት ይሻላል የሚለውን ሐሳቡን እኔም እደግፋለሁ።

14ኛው በንዴት ነው የጻፈው። ቤንዛቲን መርፌ ልጅ ይገድላል፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይፈሩታል አለ። 15ኛውም በዚያው ቁጣ መለሰለት፤ በአለርጂ መሞት እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም መሆኑን፣ በፍርሃት የተከለከለ መርፌ ግን የልጁን ልብ እንደሚያሳጣ ተናገረ። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ ስላደረጉ 12ኛዋ ሐኪም ተመልሳ ገባችና 16ኛውን ጻፈች። ፍርሃቱ መነሻ አለው አለች። ቫልቩ ክፉኛ የጠበበ ወይም ልቡ የደከመ ሰው በመርፌው ሕመምና ድንጋጤ ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል፤ ይህ ከአለርጂ የተለየ ነገር ነው። እንዲህ ላለው ሕመምተኛ በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን ይመረጣል። ሩማቲክ ትኩሳት ይዟቸው ለነበሩት ለሌሎቹ፣ ሕመሙ እንዳይደገም መርፌው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይቀጥላል፤ ቫልቩ ላይ ጉዳት የቀረበት ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመት ዕድሜው፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ያህል።

17ኛው የፋርማሲ ባለሙያ ነው፤ የመርፌውን አሰጣጥ በዝርዝር አስቀመጠ። ዱቄቱ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ በደንብ ይነቀነቃል፣ ወዲያው ይሰጣል፤ ቢቆይ ስለሚዘቅጥ መርፌውን ይደፍነዋል። ቀጭን መርፌም በዚሁ ምክንያት ይደፈናል፤ 21 ቁጥር ይሻላል። ብልቃጡ በእጅ ይሞቅ፤ ከመውጋት በፊት ቦታው በአውራ ጣት 10 ሰከንድ ያህል ይጫን፤ ሕመሙን ይቀንሳል። ልጁ በባዶ ሆድ አይምጣ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ተኝቶ ይወጋ። ወደ ጡንቻ ጠልቆ ከገባ በኋላ ደም አለመምጣቱ ሳይረጋገጥ አይገፋም፤ ደም ሥር ውስጥ የገባ ቤንዛቲን ልብን ሊያቆም ይችላልና። ቀስ ብሎ፣ በ2 እና 3 ደቂቃ ይገፋ። ልጁ 30 ደቂቃ እዚያው ይቆይ፣ ለድንገተኛ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን በእጅ ይኑር። አድሬናሊን የሌለው ክፍል ይህን መርፌ አይጀምር ብሎ ጨረሰ።

18ኛው ስለ ንጹሕ አየር የተባለውን አረመ። ውጭ ያለው የገጠር አየር ንጹሕ ቢሆንም ጓዳው ግን አይደለም። መስኮት በሌለው ቤት በእንጨትና በኩበት እንጀራ የምትጋግር ሴት ለሰዓታት የምትስበው ጢስ ሳንባዋን ይጎዳል፤ የተጎዳ ሳንባ ደግሞ የቀኙን የልብ ክፍል ያደክማል። ምርጥ የተባለው የምጣድ ምድጃ እንጨት ይቆጥባል፤ ጭስ ማውጫ ከሌለው ግን ጢሱን ከቤት አያስወጣም። ምድጃውን ከመኝታ ክፍል ለይቶ፣ ሁለት ትይዩ ክፍተት ያለው ጓዳ ሠርቶ፣ ደረቅ እንጨት ማንደድ ከምድጃው ዓይነት እኩል ዋጋ አለው።

19ኛው ወደ አዲስ አበባ መለሰን። ፋርማሲ በር ላይ ቆሞ፣ ኮት ሳያወልቅ፣ ታክሲ ለመያዝ እየተጣደፈ የተለካ ግፊት ልኬት አይደለም አለ። ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ጫትና ሲጋራ የለም፤ ሽንት ይሸና፤ 5 ደቂቃ ጀርባ ተደግፎ ይቀመጥ፣ እግር አይጠላለፍ፣ አይወራ። ክንዱ ተራቁቶ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ፤ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ማሰሪያው ለወፍራም ክንድ ከጠበበም እንዲሁ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መያዝ፤ በተለያየ ቀን 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ብዛት ነው። ቤት ውስጥ ሲለካ ወሰኑ 135 በ85 ነው።

20ኛው ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ይበቃል አለ። 21ኛዋ፣ ያቺው የ2ኛው መልስ ሲስተር፣ እዚህ ላይ ትዕግሥቷ አለቀ፤ በስትሮክ ግማሽ አካላቸው የማይንቀሳቀስ ሰዎች ከሚሰጡት ምክንያት ዋነኛው ተሽሎኝ ስለነበር ኪኒኑን ተውኩት የሚል ነው አለች። ግፊቱ የተስተካከለው በኪኒኑ ነውና ሲቆም ይመለሳል። ሽንኩርቱንም ጠበሉንም አትከልክሉ፣ ኪኒኑን ግን አታስቁሙ ነው ቃሏ። አምሎዲፒን እግር ካሳበጠ፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣ መድኃኒቱ ይቀየራል እንጂ ሕክምናው አይቋረጥም። ለጾመኛም መላ አለ፦ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው አምሎዲፒን ከጾም ፍቺ በኋላ ማታ ቢወሰድ ሥራውን ይሠራል። ውኃ የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን ያለ ውኃ የሚውልበትን ጾም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ፈሳሽ አልቆ ሊወድቅ ይችላል።

22ኛው ትንሽ ከጉዳዩ ወጣ፤ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለእግር ጉዞ እንደተመቸ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ ጉዞ በ30 ደቂቃ አምስት ቀን እንደሚሞላ ጻፈ። ጫት እየቃሙ የሚደረግ የእግር ጉዞ አይቆጠርም የሚልም አከለበት፤ ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፣ የልብን ደም ሥርም ያኮማትራል።

23ኛው ስለ ድንገተኛ ነገር ነው። ደረት መሀል የሚጫን ሕመም ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ ሲሄድ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ሲኖር፣ ጨጓራ ነው ብሎ ተልባ እየጠጡ አይታደርም። አለርጂና መድማት የሌለበት ሰው 300 ሚሊግራም ያህል አስፒሪን፣ ትንንሾቹ ባለ 81 ከሆኑ አራቱን፣ አኝኮ ይዋጥ። አዲስ አበባ ውስጥ 907 ወይም 939 ይደወል። ሆስፒታል ሲደርስ ኢሲጂ የተባለው የልብ ምርመራ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይነሣ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተሰጠ መጠን ከልቡ ጡንቻ ብዙ ይተርፋል። ፊት የተጣመመ ወይም አንድ ጎን የዛለ ሰው ግን አስፒሪን አይሰጠው፤ የራስ ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል፣ መለየት የሚቻለው በሲቲ ስካን ነው። ለገጠሩ ያው 12 ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል፤ የፑር ቁጥር ትርጉሙ ይኸው ነው አለ።

24ኛው የመጨረሻው ሆነ። ወላጆቻቸውን ከገጠር አስመጥተው ለሚያሳክሙ ልጆች የተጻፈ ነው። አባት ወይም እናት አዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ይመረመራሉ፣ የአንድ ወር መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ፤ በ31ኛው ቀን ሕክምናው ያበቃል። ስለዚህ ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት በወረዳቸው ጤና ጣቢያ የትኛው ኪኒን እንደሚገኝ ስልክ ተደውሎ ይጠየቅ፤ እዚያ በሌለ ውድ መድኃኒት አይጀመር። የክትትል ወረቀት ላይ የተለካው ግፊት፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን ተጽፎ ለጤና ጣቢያው ይሰጥ፤ ከአራት ሳምንት በኋላ እዚያው ይለኩ። የተረፈውን ኪኒን ለጎረቤት ወይም ለልጅ ማካፈል አይገባም፤ በተለይ ኢናላፕሪል ለእርጉዝ ሴት አይሰጥም፣ ፅንሱን ይጎዳል። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ኪኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይደውል፤ ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ብቻ አይዝጋ፣ ስንት ፍሬ እንደቀረ ያስቆጥር።